ነጭ ሳቢሳ ወይስ ታላቁ ንጋት

ይድረስ ለወንድምዓለም ለቲየንፉ፣

ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ እንዴት ባለ ቀን ያገኝህ ይሆን? ጤናህ እንዴት ነው? አምና ይዞህ የነበረው የወገብ ሕመም ለቀቀህ? ያጁንስ እንዴት ናት? የሱቁ ሥራ ያላውሳችኋል? ልጃችሁ ቢያትሪስ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ በፎቶ አይቻት ነበር፤ ተተካላት? ሳኦ ፓውሎ አሁን ብርድ እንደሆነ አውቃለሁ። ደረትህን ሸፈን አድርግ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ብርድ ለአንተ አይሆንም።

እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ከመድከሙና መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ጎረቤት ከመጥራቴ በቀር የማማርረው የለኝም። ስለ እናታችን «ደህና ናት» ብዬ ጽፌ መልሼ ሰርዤዋለሁ። ስርዙን አንተም ታየዋለህ። ወረቀቱን ልቀይረው ብዬ ነበር፤ ግን ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለአንተ ንጹሕ ወረቀት መላክ ራሱ ውሸት መሰለኝ።

ለምን በስልክ አልነገረችኝም ትል ይሆናል። በስልክማ ስንቴ ሞከርኩ። ገና የታናሽ ወንድማችንን የሚንጂየን ስም ስጠራ መስመሩ ይቆረጣል። የሚቆረጠው መስመሩ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አልወቅስህም። ደብዳቤ ግን ጠረጴዛ ላይ ወርውረኸው ብትወጣም ስትመለስ እዚያው ይጠብቅሃል። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው። ቢከብድህ ከፋፍለህ በሁለት ቀን አንብበው።

ከተማችን ጂሎንግ እንደምታውቃት ናት። ያለፈውን ወር ሙሉ ጃንጥላችን ደርቆ አያውቅም። ግድግዳው ሻግቷል፣ ለደንበኛ ያስተካከልኩትን ሱሪ እንኳ በካውያ ካላደረቅሁት አላስረክብም። ሱቄን ከወደቡ ፊት ለፊት እንዳዛወርኩ ነግሬህ ነበር። ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች የሚቆሙት ከመንገዱ ማዶ ነው። አንዷ ስትገባ እንደ ተራራ ከፊቴ ቆማ ብርሃኔን ትከለክለኛለች፤ በቀን መብራት አበራለሁ።

ነገሩ የጀመረው በኤፕሪል መጨረሻ ነው። እናታችን ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። አርባ ዓመት ባዶውዚ የዓሣ ወደብ ላይ ዓሣ ስትበልትና ሽሪምፕ ስትልጥ የኖረችው እናታችን፣ ዛሬ ጣቶቿ ቀጥ አይሉላትም። በዕድሜዋ ሙሉ «እዚህ ውሰዱኝ» ብላን አታውቅም። አንድ ቀን ጠዋት የሩዝ ሾርባዋን እየጠጣች፣ ቀና እንኳ ሳትል «በመርከብ ውሰጂኝ» አለችኝ። የሰማሁት አልመሰለኝም። «በምን መርከብ?» አልኳት። «በእነዚያ መስኮትሽን በሚያጨልሙት» አለችና ሾርባዋን ቀጠለች።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም። አባታችን ከሞተ፣ ሚንጂየም ከጠፋ፣ አንተም ከሄድክ ወዲህ ይህች ሴት አንድ ነገር ተመኘች! ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ የጉዞ ወኪሎቹን ቢሮ አንድ በአንድ ዞርኩ። በራሪ ወረቀት በዘንቢል ይዤ ተመለስኩ። ከሁሉም መርጬ ሁለት መርከብ አስቀረሁ። አንድ ደብተር ገዝቼ በመሐሉ መስመር አሰመርኩበት፤ በግራ «ታላቁ ንጋት»፣ በቀኝ «ነጭ ሳቢሳ» ብዬ ጻፍኩ።

ታላቁ ንጋት ገና ሁለት ዓመቷ ነው። አሥራ ስምንት ፎቅ ናት፣ አምስት ሺህ ሰው ትጭናለች። ስድስት የመዋኛ ገንዳ፣ ቲያትር ቤት፣ ቀኑን ሙሉ የማይነሣ ቡፌ አላት። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው ሁለት ሐኪም ያለው ክሊኒክ መኖሩና መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አዛውንት የሚይዙት ብረት መኖሩ ነው። የምትሄደው ወደ ኦኪናዋ ነው። ነጭ ሳቢሳ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የሆናት አሮጊት ናት። እሷም ትንሽ አይደለችም፣ አሥራ አንድ ፎቅ ናት፤ ነገር ግን አሳንሰሮቿ ጠባብ፣ ክፍሎቿ ዝቅ ያሉ ናቸው። በእሷ ሄዶ የመጣ አንድ ደንበኛዬ ኮት ሊያሳጥር መጥቶ «ምንጣፉ እንደ ረጠበ ውሻ ይሸታል» ብሎኛል። የምትሄደው ወደ ናጋሳኪ ነው። ለእኔ ነገሩ አለቀ ደቀቀ፤ ደብተሩን ያየ ሰው ሁሉ የግራውን ይመርጣል።

እናታችን የቀኙን መረጠች።

ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት እትዬ ፓንግ ታላቁ ንጋት ላይ ሁለት ጊዜ ሄደዋል። እንዲያሳምኑልኝ ጠራኋቸው። «ወይ ጉድ! እኔ በአምስት ቀን ሦስት ኪሎ ጨመርኩ እኮ» አሉ፣ ሆዳቸውን እየመቱ። «ቁርሱ ሳይነሣ ምሳው ይደርሳል። አንቺ ሴትዮ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ዓሣ አበላሽን፣ አሁን እንኳ ቁጭ ብለሽ ብዪ! ምነው አሮጊት በአሮጊት ላይ ትሳፈር?» እናታችን ደግሞ ታውቃታለህ፣ «አሮጊት የአሮጊትን ጉልበት ታውቃለች፤ ቀስ ብላ ነው የምትወስደኝ» አለቻቸው። «ገንዳውስ? ስድስት ገንዳ አለ እኮ!» ሲሏት፣ «ባሕር ላይ ተቀምጬ ገንዳ ምን ይሠራልኛል? ውሃ አጣሁ ወይ?» አለች። እትዬ ፓንግ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ግራ የሚገባ ጥያቄ ታበዛ ጀመር። «ከወደብ ስትወጣ የምትዞረው ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ?» ትለኛለች። «ስትነሣ ቀን ነው? እስከ ስንት ሰዓት ብርሃን ይኖራል?» «ዝቅ ያለው ሰገነት ከውሃው ምን ያህል ይርቃል?» የምግቡንና የአልጋውን ስነግራት አትሰማኝም። በራሪ ወረቀቱ ላይ ያለውን የታላቁ ንጋት ፎቶ ጣቷን አሳርፋበት፣ «ከዚህ ላይ ሆነሽ ብታይው ባሕሩ የባሕር ፎቶ ነው የሚሆንብሽ። ብትጣሪ ማን ይሰማሻል?» አለችኝ። ማንን ነው የምትጣሪው ብዬ አልጠየቅኋትም። ለእኔ ወጪ አዝና ርካሹን የመረጠች መስሎኝ «እማዬ፣ ለአንዴ እንኳ ልጅሽ ደስ ይበላት! የዕድሜ ልክሽን ውራጅ ስትለብሺ ኖረሽ፣ ዕረፍትሽንም ውራጅ ልታደርጊው ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። በራሪ ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ።

የባሰው ቀኑን ስትነግረኝ መጣ። ነጭ ሳቢሳ ከዚህ ክረምት በኋላ ወደ ጂሎንግ እንደማትመለስ ሰምታለች፤ ከማን እንደሰማች አላውቅም። የመጨረሻ ጉዞዋ ኦገስት 24 ነው። በጨረቃ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ውስጥ! በልጅነታችን በሰባተኛው ወር እግራችንን ባሕር እንዳናስነካ በአለንጋ ስትጠብቀን የነበረች፣ የሙታን በር ተከፍቷል፣ የሰመጡት እግር ይጎትታሉ እያለች ስታስፈራራን የነበረች እናታችን፣ ራሷ በዚያ ወር ባሕር ላይ ልውጣ አለች። እትዬ ፓንግ ይህን ሲሰሙ ሳቃቸው ደረቀ። «ሺውጂን፣ እናትሽን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት፤ ሐሳቧ ተናግቷል» አሉኝ በጆሮዬ።

እኔም ሐሳቧን ላስቀይር ብዬ የጉዞ ወኪሉ ቢሮ ይዣት ሄድኩ። ወይዘሪት ዌን የምትባል ትሑት ልጅ ተቀበለችን። ሁለቱን መርከቦች በኮምፒውተር እያሳየች በትዕግሥት አስረዳቻት፤ ታላቁ ንጋት ለአዛውንት እንደምትሻል እሷም መሰከረችልኝ። እናታችን ጨርሳ እንድትናገር ጠበቀቻትና ከጉያዋ የታጠፈ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የባሕር ካርታ ነው። ዳርና ዳሩ አልቆ በፕላስተር የተጣበቀ፣ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች የሚይዙት ዓይነት። ከጂሎንግ በላይ፣ ፔንግጂያ ደሴት አጠገብ፣ በእርሳስ ክብ ተደርጎበታል። ክቡ ብዙ ጊዜ ከመነካቱ የተነሣ ወረቀቱ ጠቁሯል።

«ልጄ» አለቻት፣ «ይቺ ነጯ በዚህ በኩል ታልፋለች?»

ወይዘሪት ዌን ካርታውን አየች፣ እኔን አየች። «እማማ፣ እዚህ ምን አለ?» አለቻት።

«ልጄ አለ» አለች እናታችን።

ወንድሜ፣ ከወር በላይ ስለ ቡፌና ስለ ምንጣፍ ስጽፍ የከረምኩበትን ደብተር ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ከሥሩ ደበቅሁት። ወይዘሪት ዌን ምንም ሳትል ስልክ አንሥታ እዚህም እዚያም እየደወለች ጠየቀች። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀባት። መልሱ ይህ ነው፤ ታላቁ ንጋት ቀጥ ብላ ወደ ምሥራቅ ስለምትሄድ ወደዚያ አትቀርብም። ነጭ ሳቢሳ ግን ከቀኑ አሥር ሰዓት ተነሥታ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዛ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደሴቲቱን በስተግራዋ እያየች ታልፋለች። አየሩ ከተበላሸ ግን ካፒቴኑ መንገዱን ሊቀይር ይችላል፤ ማንም ቃል አይገባም። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው?» አለች እናታችን። «ልትጠልቅ ስትል ነው፣ እማማ» አለቻት። ካርታውን እንደ ነበረ አጠፈችው።

ስንወጣ ዝናቡ ወረደብን። የዓሣ ሾርባ የምትሸጠው ሴትዮ ሸራ ሥር ተጠልለን አውቶቡስ ጠበቅን። አንተ የምታውቀውን ልድገምብህ ነው፤ ምክንያቱም የማታውቀው ነገር እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ያን ዕለት፣ በካፒቴን ጓን የዓሣ ጀልባ መውጣት የነበረብህ አንተ ነበርክ። ትኩሳት ይዞህ ወደቅህ። ሚንጂየ በአንተ ቦታ ወጣ። ፔንግጂያ አጠገብ ማዕበል ጀልባዋን ገለበጣት፤ ከአራቱ ሰዎች ሁለቱ ተረፉ፣ የካፒቴኑ ረዳት ሬሳ በሦስተኛው ቀን ተገኘ፣ ሚንጂየ ግን አልተገኘም። እኔ ያኔ ታይፔ በትዳር ላይ ነበርኩ፤ ስደርስ ሁሉም ሰው «ወንድሙ ሂድልኝ ብሎት ነው የወጣ» ይል ነበር። አንተን ስጠይቅህ «ሳልለው አልቀርም፤ ትኩሳት ላይ ነበርኩ፣ አላስታውስም» አልከኝ። ነፍሱን ወደ ቤት ለመጥራት ባሕር ዳር በቆምንበት ቀን፣ የቤተ መቅደሱ ካህን ልብሱን ቀርከሃ ላይ አንጠልጥሎ ስሙን ሲጠራ፣ እናታችን ዞራ በሰው ሁሉ ፊት «እዚያ መሆን የነበረብህ አንተ ነህ!» አለችህ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በዓመቱ ሄድክ።

እንግዲህ በዚያ ሸራ ሥር የነገረችኝ ይኸውልህ። እሷ እንዳለችው አድርጌ ነው የምጽፈው።

«ቲየንፉ አላለውም» አለችኝ፣ ዓይኗን ከዝናቡ ላይ ሳትነቅል። «ቲየንፉ ለካፒቴኑ ዛሬ አልወጣም በሉልኝ ብሎ ነው የተኛ። ሌላ ቃል አልወጣውም። እኔ ነኝ ካፒቴኑ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጥበታል ብዬ የፈራሁት። ሚንጂየ ከብየዳ ሥራው ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተኝቶ ነበር። ወዘወዝኩት። እማዬ፣ ነገ እወጣለሁ፣ ዛሬ ተይኝ አለኝ። ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት። ጋሼ ነው የላከሽ? አለኝ። አዎ፣ ወንድምህ ሂድልኝ ብሎሃል አልኩት። ለአንተ ስም ሲሆን እምቢ እንደማይል አውቃለሁ። ተነሣ። ፊቱን እንኳ አልታጠበም።»

«ለአንተ» ስትል እኔን ረስታ አንተን የምታናግር ይመስለኛል፤ ለረጅም ጊዜ በሆዷ ስትነግርህ የኖረችውን ነው የሰማሁት።

«ታዲያ ባሕር ዳር ላይ ለምን?» አልኳት። «ለምን ያን አልሽው?»

«ሰዉ ሁሉ እኔን የሚያየኝ መሰለኝ» አለች። «ወደ እሱ እንዲያዩ አደረግሁ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ፤ ከዚያ ደግሞ ሁለተኛውን በገዛ አፌ አባረርኩ። ትኩሳቱ ለቀቀህ ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም።»

አውቶቡሱ መጣ፣ አለፈን። ሁለተኛውም አለፈን። ሾርባ ሻጯ ሁለት ጎድጓዳ ሳሕን ሾርባ ሳናዝዛት አምጥታ አስቀመጠችልን፤ ሁለታችንም አልነካነውም። ለምን እስከ ዛሬ እንዳልሄደች ጠየቅኋት። ለካ ሞክራለች። የዓሣ ጀልባ ባለቤቶችን ስትለምን ኖራለች፤ አንዳንዱ ሴት ጀልባ ላይ አላወጣም ይላታል፣ ሌላው የባሕር ጥበቃ ይቀጣኛል ይላታል፣ ሌላው በዚህ ዕድሜሽ ብትሞቺብኝስ ይላታል። ካርታውን የሰጣት ካፒቴን ጓን ነው፤ ከሞት ከተረፉት አንዱ እሱ አይደል፣ እሱም ከዚያ ወዲህ ባሕር አይወጣም። «የጠራነው ከባሕር ዳር ነው» አለችኝ። «ስድሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ለተኛ ልጅ ከባሕር ዳር ሆኖ መጥራት ምን ይባላል? አልሰማም። የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ፤ ራሴ ሄጄ፣ ወንድምህ አልላከህም፣ እኔ ነኝ ልበለው።»

ወንድሜ፣ አዘነችላት ብለህ እንዳታስብ። ተቆጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስት ቀን አላናገርኳትም። ምግቧን አቀርብላታለሁ፣ መድኃኒቷን አስቀምጥላታለሁ፣ ዞሬ እሄዳለሁ። የአንተ አሥራ አንድ ዓመት በዓይኔ ላይ ተደቀነብኝ። በአዲስ ዓመት ስልክ ደውለህ «እማዬ ትሰማለች?» ብለህ ከጠየቅህ በኋላ ቶሎ «ተዪው፣ አትስጫት» የምትለው፤ ቢያትሪስ አያቷን በፎቶ ብቻ ማወቋ፤ አንድ ቀን ስካር ይዞህ «እኔ ወንድሜን የበላሁ ሰው ነኝ» ብለህ የጻፍክልኝ። ያችን መልእክት እስከ ዛሬ አላጠፋኋትም። ግን መልስም አልሰጠሁህም። «ሐሰት ነው» ልልህ ይገባኝ ነበር፤ ግን እኔም አምኜው ነበርና። እሱን ይቅር በለኝ።

በስድስተኛው ቀን የሚንጂየን የብየዳ ሸሚዝ ይዛ ሱቄ መጣች። በጃንጥላ፣ ብቻዋን፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወርዳ። ሸሚዙ እሳት የነካው ደረቱ ላይ ተበሳስቷል፤ አንገቱ ተቀዷል። «ይዤለት ልሄድ ነው፤ እንዲህ ሆኖ አልሰጠውም» አለችኝ። ተቀብዬ ሰፋሁት። አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። አልተነጋገርንም። ያን ቀን ወደብ ላይ የቆመችው ታላቁ ንጋት ነበረች፤ መብራት አብርቼ ነበር የሰፋሁት።

ለመሳፈር የሐኪም ወረቀት ይጠየቃል። ወሰድኳት። ሐኪሙ ልቧን ሲያዳምጥ ቆየና እኔን ብቻ ጠርቶ፣ ከልቧ በሮች አንዱ ጠቦ ሊዘጋ ደርሷል፣ ቀዶ ሕክምናውን ዕድሜዋ አይችለውም አለኝ። «ስንት ጊዜ ቀራት?» ብዬ ስጠይቀው «ወራት ነው፤ ስንት ወር እንደሆነ አልምልልሽም» አለ። ስለ መርከቡ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ አልፈርምም አለ። ሁለተኛ ሄድኩ፣ አልፈረመም። ሦስተኛውን ግን እሷ ራሷ ገብታ በሩን ዘጋችው። ምን እንዳለችው አላውቅም። ስትወጣ ወረቀቱ ተፈርሟል፤ ሐኪሙም እስከ ደረጃው ሸኛት። ሲሰናበተኝ «ብቻሽን አትሂጂ፤ የሚያነሣት ጉልበት ያለው ሰው አብሮሽ ይሁን» አለኝ።

የሰማሁትን ሁሉ በአውቶቡስ ላይ ስንመለስ ነገርኳት፤ መደበቅ አስጠልቶኛል። «እዚያው መርከብ ላይ ልትሞቺ ትችያለሽ፣ እማዬ» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «የደርሶ መልስ ትኬት ነው የምትቆርጪው አይደል? ብሞትም መልሰው ያመጡኛል። ለእሱ ማን ቆረጠለት?» አለችኝ።

ትናንት ማክሰኞ ቆረጥን። ነጭ ሳቢሳ፣ ኦገስት 24፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከመርከቧ በስተግራ፤ ከበሩ ወጥተሽ ጥቂት እርምጃ ስትሄጂ ለውሃው ቅርብ የሆነው ሰገነት ነው ብላናለች ወይዘሪት ዌን። የክፍሉ ምንጣፍ መሽተቱ አይቀርም። ወይዘሪት ዌን ቅጹን ስትሞላ እንደ ደንቧ «ጉዞው ለዕረፍት ነው አይደል?» አለች፤ ወዲያው ደነገጠች። እናታችን ግን «አዎ ልጄ፣ ለዕረፍት ነው» አለቻት።

ክፍሉ ሦስት አልጋ ያለው ነው። ሦስተኛው ላይ የአንተን ስም አስጽፌአለሁ። የፓስፖርት ቁጥርህን ስለማላውቅ ቦታው ባዶ ነው፤ እስከ ኦገስት 10 መሙላት ይቻላል ብለውኛል። ይህ ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ቢፈጅበት እንኳ ለማሰብ ጊዜ ይተርፍሃል።

ና ብዬ አልለምንህም። ይቅር በላትም አልልህም፤ እኔ ራሴ ገና ይቅር አላልኳትም። ሾርባዋን እያቀረብኩላት፣ እግሯን እያሸሁላት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ንዴቴ እንደ አዲስ ይነሣል። አንተ ላይ ያለው ከእኔ ስንት እጥፍ እንደሚሆን እግዜር ይወቀው። ብትመጣ ሐኪሙ እንዳለው የሚያነሣት ሰው እናገኛለን። ባትመጣም እንሄዳለን፤ እትዬ ፓንግ ሲፈሩ ሲቸሩ አብሬሽ ልሂድ ብለውኛል፣ ለሙታኑ የመሥዋዕት ወረቀት እያቃጠሉ ከወዲሁ ይማጸናሉ። ልቧ እስከዚያ ካልቆየ ደግሞ እኔ ሸሚዙን ይዤ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ እሷ ልትለው የነበረውን እኔ እለዋለሁ። አየሩ ከተበላሸና መርከቧ መንገድ ከቀየረች ምን እንደማደርግ አላውቅም። ስለሱ ማሰብ አልፈልግም።

አንድ ነገር ብቻ በእርግጠኝነት ያዝልኝ። አንተ ወንድምህን አልላክኸውም። ታመህ ተኝተህ ነበር። ይህን ደብዳቤ ብታቃጥለው እንኳ ይህችን መስመር አታቃጥላት።

ለያጁን የእህትነት ሰላምታዬ ይድረሳት፤ አንተን በዚያ ሁሉ ዝምታህ ታግሣ ስለኖረች ውለታዋን አልረሳም። ለቢያትሪስ አክስቷ ሰማያዊ ቀሚስ እየሰፋችላት እንደሆነ ንገራት፤ ቁመቷን ለክተህ ላክልኝ። መጀመሪያ ስትደርሱ ላስጠጓችሁ ለያጁን አጎት አክብሮቴን አቅርብልኝ። እትዬ ፓንግ «ያ ቀጭኑ ልጅ ወፍሯል ወይ?» ይሉሃል፤ ሰላምታቸው ነው።

እናታችን አሁን አጠገቤ ናት። የምጽፈው ለአንተ መሆኑን ታውቃለች፤ ምን እንደጻፍኩ ግን አልጠየቀችኝም። ከእሷ ዘንድ ሰላምታ ልጨምር ብዬ «ምን ልበልልሽ?» አልኳት። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ብዕሩን ላስቀምጥ ስል «ልጄ በይው» አለች። «ሌላስ?» አልኳት። «ሌላ ለማለት መብት የለኝም፤ እሱን ብቻ ጻፊ» አለችኝ።

ጻፍኩት።

ልጄ።

እህትህ ሺውጂን
ጂሎንግ፣ ጁላይ 3 ቀን 2024